ከ300 በታች ላመጡም፣ በላይ ላመጡም፦ ከአዳማ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከተገለጸ በኋላ ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያስገባው በር አንድ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ የሚል ነው። ከአዳማ ከተላኩት መካከል አምስቱን መርጬ፣ ስም ሳልጠቅስና ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ በተፈጥሮ ሳይንስ ተፈትና ከ600 268 አመጣች። ውጤቷን ካየች ወዲህ ከቤት አትወጣም፤ ምግብም የምትቀምሰው በልመና ነው። ታላቅ ወንድሜ «የግል ኮሌጅ አስገቢያትና ከእኩዮቿ ጋር ትቀጥል» ይለኛል። እሷ በግል ተመዝግባ ድጋሚ መፈተን ትፈልጋለች። ጎረቤታችን የሆኑ መምህር ደግሞ ሪሚዲያል እንድትጠብቅ ይመክሩናል። እኔ የምተዳደረው ፍራንኮ አካባቢ ባለችኝ ትንሽ ሱቅ ስለሆነ አንዴ ከከፈልኩ ሌላ ለመሞከር አቅም የለኝም። የትኛውን ልምረጥ?
— የልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ልጅዎ ብቻዋን እንዳልቀረች በቁጥር ያሳዩአት። በ2017 ዓ.ም. ለፈተናው ከተቀመጡት 585,882 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48,929 ናቸው፤ ይህም 8.4 በመቶ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ዙር ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የመግቢያ ነጥቡ የሚወሰነው ዩኒቨርሲቲዎች ባላቸው ቦታ ልክ ስለነበር ከግማሽ በታች አምጥተው የገቡና ዛሬ በሙያቸው የተከበሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ይህን የምጽፈው 50 በመቶ ብዙ ነው ለማለት አይደለም፤ አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከመቶ ተማሪ ዘጠና ያህሉ ያላለፈውን መስመር ባለማለፏ ራሷን እንደ ሰነፍ ቆጥራ በር መዝጋት እንደማይገባት ለማስረዳት ነው።

ወንድምዎ ያቀረቡት ሐሳብ ከቅን ልብ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሳይነገራቸው ቀርቷል። የ50 በመቶው መስመር የሚሠራው ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ አይደለም፤ ለዲግሪ የሚያስተምሩ የግል ተቋማትም ይመለከታቸዋል። ስለዚህ 268 ያመጣችን ተማሪ «ምንም አያስፈልግሽም፣ ዛሬ ተመዝገቢና ነገ የዲግሪ ትምህርት ጀምሪ» የሚል ኮሌጅ ቢያጋጥማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። እንዲህ ባለ መንገድ ገብተው ሦስት አራት ዓመት ከፍለው ከተማሩ በኋላ ማስረጃቸው ተቀባይነት ያጣባቸው ልጆች ወላጆች የሚጽፉልን ደብዳቤ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ነው፤ ያን ጊዜ የሚመለስ ገንዘብ የለም፤ የሚመለስ ዕድሜም የለም።

ጎረቤትዎ የመከሩት የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ሁላችንም ሪሚዲያል የምንለው፣ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረ ነው። 50 በመቶ ያልሞላላቸው ነገር ግን ትምህርት ሚኒስቴር ለዚሁ ብሎ ያወጣውን ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙ ተማሪዎች ተቀባይነት አግኝተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶችን ለተወሰኑ ወራት ደግመው ይማራሉ፤ በመጨረሻም ይፈተናሉ። የመቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ የሚገለጽ ሲሆን በትምህርት መስክ፣ በጾታ፣ በታዳጊና አርብቶ አደር አካባቢ ነዋሪነትና በአካል ጉዳት ምክንያት ይለያያል። ባለፉት ዓመታት ከወጡት ነጥቦች ጋር ሲተያይ 268 ከፍ ያለ ነው፤ ልጅዎ ተስፋ የምታደርግበት በቂ ምክንያት አላት። የግል ተቋማትም ነጥቡን ያሟሉ ተማሪዎችን በሪሚዲያል ያስተምራሉ፤ ወንድምዎ የግል ኮሌጅ ሲሉ ይህን ማለታቸው ከሆነ ሕጋዊ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ወጪው ነው።

ሆኖም ሪሚዲያል ገባች ማለት ዩኒቨርሲቲ ገባች ማለት እንዳልሆነ አስቀድመው ይወቁ፤ እሷም ትወቀው። በፕሮግራሙ ፍጻሜ 50 በመቶ ያላገኘ ተማሪ ወደ መጀመሪያው ዓመት፣ ወደ ፍሬሽማን፣ አይሻገርም። የፈተናው አንድ ክፍል በማእከል የሚዘጋጅ በመሆኑ የግቢ መምህርን ርኅራኄ ተስፋ አድርጎ የሚታለፍ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የግቢው አዲስነት፣ የዶርም ሕይወትና የጓደኛ ብዛት ልብ ይሰርቃል፤ ወራቱ ግን ጥቂት ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከደብዳቤዎ ጋር የላኩልኝን የውጤት ዝርዝር አይቼዋለሁ፦ እንግሊዝኛ 58፣ ሒሳብ 31፣ አፕቲትዩድ 55፣ ፊዚክስ 36፣ ኬሚስትሪ 41፣ ባዮሎጂ 47። ብዙ ቤተሰብ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው፤ ድምሩ ግን የት እንደተወደቀ አይናገርም። ልጅዎ ለ300 የጎደላት 32 ነጥብ ነው። በእንግሊዝኛና በአፕቲትዩድ ከግማሽ በላይ አላት፤ ማንበብና ማሰብ አላቃታትም። ያነሰችው በሒሳብና በፊዚክስ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የሚያያዙ ናቸው፤ ቀመር ገልብጦ ያልታወቀውን ማውጣት፣ ግራፍ ማንበብ፣ ትሪጎኖሜትሪ የማይቀልለት ተማሪ በፊዚክስ ጥያቄው ቢገባውም መልሱ ላይ አይደርስም። በሁለቱም አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ነጥብ ብታሻሽል መስመሩ ላይ ትደርሳለች። ስለዚህ የ12ኛ ክፍልን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ከመድገም ይልቅ ወደ 9ኛና 10ኛ ክፍል ሒሳብ ተመልሳ የጎደለውን መሠረት ብትሞላ ይሻላታል፤ ፈተናውም ቢሆን የ12ኛ ክፍልን መጽሐፍ ብቻ የሚጠይቅ አይደለም።

ምክሬ ይህ ነው። የሪሚዲያል ነጥብ ሲገለጽ ካሟላች ትግባ፤ በመንግሥት ተቋም ቢደርሳት ለእርስዎም አቅም የሚስማማ ነው። እስከዚያ ባሉት ሳምንታት ግን አትቀመጥ፤ ሒሳቡን ዛሬ ትጀምር፤ ለሪሚዲያልም ሆነ በግል ለመፈተን የምታጠናው ያው ነውና አንዲት ሰዓት አይባክንም። ነጥቡን ካላሟላች ደግሞ በግል ተፈታኝነት መመዝገብ የሚያሳፍር አይደለም፤ የምትፈተነው ያንኑ ፈተና ነው፤ የምትይዘውም ያንኑ ማስረጃ ነው። የምዝገባውን ጊዜ ብቻ በትምህርት ቤቷ ወይም በከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ቀድመው ይጠይቁ፤ ቀኑ አልፎባቸው ዓመት የሚጠብቁ ብዙዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ 412 አምጥቻለሁ። ተወልጄ ባደግሁባት አዳማ፣ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መማር እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ሌላ የመግቢያ ፈተና አለ ተባልኩ። ያን ፈተና ብወድቅ ያመጣሁት ውጤት ይበላሽብኛል?
— የዘንድሮ ተፈታኝ

መልስ፦ አይበላሽብህም። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊውን ፈተና ካለፉ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች መካከል ፈላጊዎቹን በራሳቸው የመግቢያ ፈተና ይመርጣሉ። ያልተመረጠ ተማሪ በሚኒስቴሩ ምደባ ወደ ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ይሄዳል እንጂ ሜዳ ላይ አይቀርም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች የራሱን ፈተና ይሰጣል። ስለዚህ ለፈተናው ብትመዘገብ ያመጣኸው ውጤት አይነካብህም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ይህን ዩኒቨርሲቲ የመረጥከው ከቤት ስለሚቀርብ ነው ወይስ ምሕንድስና ስለምትወድ? ተቋሙ በናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅነት ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ ያደገው በቴክኒክና በምሕንድስና ሲሆን፣ የአሁኑን ስያሜውን ካገኘ ወዲህም ሥራው በተግባራዊ ሳይንስና በምሕንድስና ላይ ያተኮረ ነው። ልብህ ሕክምና ወይም ሕግ ከሆነ የእናትህን ቤት ቅርበት ትተህ የምደባ ምርጫህን በዚያው መሠረት ሙላ። ምሕንድስና ከሆነም የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚካሄደው በፍሬሽማን ውጤት ውድድር ስለሆነ ፉክክሩ በመግቢያ ፈተናው እንደማያበቃ ከወዲሁ እወቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ 50 በመቶ አላመጣም፤ የሪሚዲያል ነጥብም የሚደርስ አይመስለኝም። እሱ «ፖሊ ቴክኒክ ገብቼ ኤሌክትሪክ ልማር» ይላል። እኔ ሠላሳ ዓመት መኪና ነድቼ ያሳደግሁት ዲግሪ እንዲይዝልኝ ነው። ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ልጅ የሚጣልበት ቦታ ነው ሲባል እሰማለሁ። ከዚያ ወደ ዲግሪ መሻገሪያ አለ ወይ?
— አባት፣ ጡረተኛ ሾፌር

መልስ፦ አባባ፣ መሻገሪያው አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን ልጅዎ «ገብቼ ልማር» ማለቱን ልብ ይበሉ፤ ተገዶ ሳይሆን መርጦ የሚገባ ሠልጣኝ ነው፤ ይህ ብዙ ወላጅ የማያገኘው ነገር ነው።

ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ከደረጃ 1 እስከ 5 ይደርሳል። ሠልጣኙ በኮሌጁ ወርክሾፕ ከሚማረው በተጨማሪ በድርጅቶች ውስጥ የትብብር ሥልጠና ይወስዳል። ኮሌጁ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ብቻውን ግን አይበቃም፤ በየደረጃው ብቃቱን ከኮሌጁ ውጭ ባለ መዛኝ ፊት ማሳየት አለበት፤ ሰዉ ሲኦሲ የሚለው የሙያ ብቃት ምዘና ይህ ነው። ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። በኤሌክትሪክ ሙያ የሚመዘን ልጅ ሰሌዳ፣ ብሬከር፣ ኮንታክተር፣ የሙቀት መከላከያ ሪሌይ፣ የማስነሻና የማቆሚያ ቁልፍ፣ የሥራ ንድፍና የተወሰነ ሰዓት ሊሰጠው ይችላል። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር የሚያስነሳውን መስመር ራሱ ይዘረጋል። መዛኙ ሞተሩ መነሳቱን ብቻ አይመለከትም፤ ኃይል ከመስጠቱ በፊት በመለኪያ ፈትሿል ወይ፣ የመሬት ሽቦውን አስሯል ወይ፣ የሽቦው ጫፍ ከብሎኑ ውጭ ተልጦ ቀርቷል ወይ፣ ጓንቱን አድርጓል ወይ እያለ ያያል። ውጤቱ በመቶኛ አይጻፍም፤ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው የሚባለው። ይህን ያለፈ ልጅ የተጣለ ልጅ አይደለም፤ ሥራውን በእጁ አሳይቶ የተመሰከረለት ነው።

አዳማ ለዚህ ሙያ የምትመች ከተማ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ያልፍባታል፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የአዳማ አንድና የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ተተክለዋል፤ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። በየሠፈሩ የሚሠራውን ፎቅና የሚከፈተውን ወፍጮ ቤት ልጨምርበት። እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት ከመሐንዲሱ ይልቅ በቁጥር የሚበልጠውን ቴክኒሻን ነው።

ወደ ዲግሪው ልምጣ። ደረጃ 4ን አጠናቆ በዚያው ደረጃ የብቃት ምዘናውን ያለፈ ሰው በሙያው ወይም በተቀራራቢ የትምህርት መስክ ለመጀመሪያ ዲግሪ ማመልከት የሚችልበት ሥርዓት አለ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩትም ከዘርፉ የወጡትን በመግቢያ ፈተና ተቀብሎ በዲግሪ ደረጃ ያሠለጥናል። የመቀበያ መስፈርቱ ግን በመመሪያ የሚለዋወጥ ስለሆነ፣ ሥራ ላይ መቆየት ይጠየቃል ወይ፣ ከየትኛው ደረጃ ወደ የትኛው ዲግሪ ይፈቀዳል የሚለውን ልጅዎ በሚያመለክትበት ዓመት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ወይም ከተቀባዩ ተቋም ሬጅስትራር ማረጋገጥ አለበት።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅዎ ሲገባ «እስከ ዲግሪው መቆያ ነው» አይበሉት። ደረጃ 2 ላይ የብቃት ምዘናውን አልፎ በራሱ እጅ ገንዘብ ሲያገኝ ይዩት፤ ዲግሪውን ራሱ ሊፈልገው ይችላል፤ ያን ጊዜ የትምህርት ክፍያውንም ሊሸፍን የሚችለው እሱ ነው። ምዘናውን ሳይወስዱ ሥልጠናውን ብቻ ጨርሰው የሚቀሩ ልጆች ግን ወደ ሥራም ወደ ዲግሪም ሳይሻገሩ መሐል መንገድ ላይ ይቆማሉና በዚህ ነገር ላይ ጥብቅ ይሁኑበት።

ጥያቄ፦ ኤስ ኤ ቲ የሚባለውን የአሜሪካ ፈተና ብወስድ የ12ኛ ክፍሉን ይተካልኛል? አንድ ደላላ ገንዘብ ከከፈልኩ ሁሉንም እንደሚጨርስልኝ ነግሮኛል።
— የ11ኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለሚደረገው ምደባ አይተካልሽም፤ ከ12ኛ ክፍሉ የአፕቲትዩድ ፈተና ጋርም አይገናኝም። ኤስ ኤ ቲ በዋናነት ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀርብ ፈተና ነው። ከአሜሪካ ውጭ ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ በኮምፒውተር ብቻ ይሰጣል፤ የሚፈጀው 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ሲሆን ንባብና ጽሕፈት 54፣ ሒሳብ 44 ጥያቄዎች አሉት፤ ውጤቱም ከ400 እስከ 1600 ይሰላል። ሁሉም ተቋም አይጠይቀውም፦ ኤም አይ ቲ በኮቪድ ምክንያት ትቶት ከቆየ በኋላ በ2022 መልሶታል፤ ዳርትማውዝ፣ ዬል፣ ብራውንና ሃርቫርድ በ2024 መልሰው እንደሚጠይቁ አስታውቀዋል፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግን ለመግቢያ ጨርሶ አያየውም። ብዙዎቹ ተቋማት ከዚህ በተጨማሪ እንደ ቶፍል፣ አይልትስ ወይም ዱኦሊንጎ ያለ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ይፈልጋሉ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና ጥቂት ሌሎች የውጭ ተማሪን የመክፈል አቅም ሳይመለከቱ ይመርጣሉ፤ ለተቀበሉትም የጎደለውን ይሸፍናሉ፤ ውድድሩ ግን እጅግ ከባድ ነው። ማመልከቻውን የምትሞዪው አንቺ፣ የድጋፍ ደብዳቤውን የሚጽፉትም መምህራንሽ ስለሆኑ ደላላው የሚሠራልሽ ምንም ነገር የለም። ገንዘብሽን አትስጪው። የ12ኛ ክፍሉን ፈተናም በሙሉ ልብሽ ተፈተኚ፤ የውጭው ባይሳካ የምትይዢው ማስረጃ እሱ ነው፤ ቢሳካም ተቋማቱ የሁለተኛ ደረጃ ውጤትሽን አጥብቀው ያያሉ።

ጥያቄ፦ በአካውንቲንግ ደረጃ 4 ይዤ በአንድ የግል ድርጅት በገንዘብ ያዥነት እሠራለሁ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። በማታ ወይም በርቀት ዲግሪ መማር እፈልጋለሁ። ሦስት ኮሌጆች ጠይቄ ሦስቱም «ዕውቅና አለን» አሉኝ፤ ክፍያቸው ግን በጣም ይለያያል። በምን ልለይ?
— የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ «ዕውቅና አላችሁ ወይ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ሁሉም አዎ ይሉሻል፤ ምናልባትም ውሸት አይደለም። ዕውቅና የሚሰጠው ግን ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለእያንዳንዱ የማስተማሪያ ስልት ለየብቻው ነው። በአዲስ አበባ ካምፓሱ በመደበኛ አካውንቲንግ እንዲያስተምር የተፈቀደለት ተቋም በአዳማ ካምፓሱ በርቀት እንዲያስተምር ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። ስለዚህ የምትጠይቂው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠውን ደብዳቤ እንዲያሳዩሽ ነው። ደብዳቤውን በእጅሽ ይዘሽ አንብቢ፦ የካምፓሱ ስም አዳማ ይላል ወይ፣ የትምህርት መስኩ አካውንቲንግ ነው ወይ፣ ደረጃው የመጀመሪያ ዲግሪ ነው ወይ፣ ማታና ርቀት በየስማቸው ተጠቅሰዋል ወይ፣ የሚያበቃበት ቀን አላለፈም ወይ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ከሩቅ አይተሽ አትመለሺ። ፎቶ አንሺና ከባለሥልጣኑ ጋር አመሳክሪ።

የአንቺም ማስረጃ ይታያል። በደረጃ 4 የብቃት ምዘናውን አልፈሽ ከሆነ ማስረጃውን አዘጋጂ፤ ካላለፍሽ ግን መጀመሪያ እሱን ጨርሺ፤ ኮሌጁ «ኋላ ታመጫለሽ» ቢልሽም እሺ አትበይ።

ከዚያ በኋላ ክፍያውን ከማወዳደርሽ በፊት ስለ መውጫ ፈተናው ጠይቂ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማር ሁሉ በመጨረሻው ዓመት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። የኮርሱን ሁሉ ውጤት አሟልቶ ይህን ፈተና ያላለፈ ሰው ዲግሪውን አይቀበልም። ስለዚህ በሦስቱም ኮሌጆች በአካውንቲንግ ባለፈው ዙር ስንት ተማሪ አስፈትነው ስንት እንዳለፈላቸው ጠይቂ። ቁጥሩን ያለ ማንገራገር የሚነግርሽ ተቋም ክፍያው ትንሽ ቢበዛም ይሻልሻል። ከተቻለ ከዚያው ተቋም በማታ ተምራ የጨረሰች አንዲት ሴት ፈልገሽ መምህራኑ በሰዓታቸው ይገቡ እንደነበረ፣ ለመውጫ ፈተናው ማጠናከሪያ ይሰጡ እንደነበረ አነጋግሪያት።

ማታና ርቀት ከሚለው ደግሞ፣ ሁለት ልጆች ይዘሽ በየምሽቱ ከሥራ በኋላ ክፍል መግባት እንደሚከብድሽ ይገባኛል፤ ርቀት ቀላል የሚመስለውም ለዚህ ነው። አካውንቲንግ ግን መልመጃ በመሥራት የሚለመድ ትምህርት ነው፤ ሞጁል ብቻውን አንብቦ ኮስት አካውንቲንግን መጨረስ ጠንካራ ዲሲፕሊን ይጠይቃል። ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምር ፈቃድ ያለው ተቋም ካገኘሽ እሱን አስቀድሚ። የመመዝገቢያውን ገንዘብ የምትከፍዪውም ደብዳቤውን ካመሳከርሽ በኋላ፣ በኮሌጁ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይሁን፤ ደረሰኙንም እስክትመረቂ ድረስ አስቀምጪው።